ሰባተኛው ጥያቄ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የምዕራቡን ጎዳና ለሚይዝ መንገደኛ የድሮው ካርታ ጉድ ያሳየዋል። ከከተማው ወጣ እንዳለ «ገነት» ይገባል። ከገነት አልፎ «አዲስ ዓለም» ይደርሳል። ትንሽ ታግሶ ከተጓዘ ደግሞ «ሀገረ ሕይወት» ትቀበለዋለች። ገነት የተባለችው ሆለታ ናት፤ ሀገረ ሕይወትም አምቦ። አዲስ ዓለም ደግሞ ዐፄ ምኒልክ፣ አዲስ አበባን ማገዶ ባነሳት ጊዜ፣ መናገሻ ሊያደርጓት በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ያቆረቆሯት ከተማ ናት። ባሕር ዛፍ ደርሶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ሲያወጣት አሳቡ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ስፍራ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ገነት፣ አዲስ ዓለም፣ ሀገረ ሕይወት! ሦስቱም በአንድ ጎዳና ላይ! ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ከየት ይመጣል? ይሁንና ገበያተኛው ሆለታን ሆለታ፣ አምቦንም አምቦ ማለቱን አልተወም። አዲስ ዓለምም ብትሆን ኤጄሬ ከሚለው ስም ጋር እየተጋፋች ነው የኖረችው። ስሞቹ ያማሩ ነበሩ፤ ነገር ግን ከሰጪው ምኞት የወጡ እንጂ ከነዋሪው አፍና ቋንቋ የተገኙ አልነበሩም። ሰው ደግሞ ስላማረ ብቻ የሰው ስም ተሸክሞ ገበያ አይወጣም።

ይህን ማንሣቴ የከተሞችን ታሪክ ልጽፍ ብዬ አይደለም። የዕለት እንጀራዬን በከፊል የማገኘው ለነጋዴዎች ጽሑፍ በማዘጋጀት ስለሆነ ነው። መጣጥፍ ብቻውን የቤት ኪራይ አይከፍልም። ስለዚህ በአምቦና በአካባቢዋ ከተሞች፣ በጊንጪ፣ በጉደር፣ በጌዶ፣ አልፎ አልፎም እስከ ባኮ ድረስ እየተመላለስኩ ለሆቴሉ ብሮሹር፣ ለመድኃኒት ቤቱ ታፔላ፣ ለሱቁ በራሪ ወረቀት እጽፋለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ ያስተዋልኩትን ነው ዛሬ ለአንባቢ ላጫውት የፈለግሁት።

ለጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ስንማር ከሁሉ አስቀድሞ የተሰጠን ስንቅ ስድስቱ ጥያቄዎች ነበሩ፦ ማን? ምን? መቼ? የት? ለምን? እንዴት? ለዜና ይበቃሉ። ለንግድ ጽሑፍ ግን ሰባተኛ ጥያቄ ያስፈልጋል፤ እርሱም «ለማን?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የተጻፈ ወረቀት ምን እንደሚመስል አንባቢ ያውቀዋል፦

«ድርጅታችን ከተቋቋመበት ጊዜ አንሥቶ በዘመናዊ መሣሪያዎች በመደራጀትና ብቁ የሰው ኃይል በማሟላት የተከበሩ ደንበኞቹን በቅንነትና በታማኝነት በማገልገል ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ወደፊትም ይህንኑ አጠናክሮ ለመቀጠል ከፍተኛ ጥረት በማድረግ ላይ ይገኛል።»

ይህ የወፍጮ ቤት ይሁን የጥርስ ሐኪም፣ የሬሳ ሣጥን ሻጭ ይሁን የሙሽራ ልብስ አከራይ፣ እስቲ ማን ይለየዋል? ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ድርጅቱ አለ፤ መሣሪያው አለ፤ ጥረቱ አለ። የሌለው ሰውዬው ነው፤ እህሉን በአህያ ጭኖ በሩ ላይ የቆመው ሰው።

ለመሆኑ እንዲህ ያለው አጻጻፍ ከየት መጣብን? እኔ እንደሚመስለኝ በአማርኛ ጽሕፈት ለረጅም ዘመን ሁለት መንገዶች ሰፍተውልን ኖረዋል። አንደኛው ወደ ላይ የሚወጣው ነው፤ አቤቱታ፣ ማመልከቻ፣ «ለክቡር» ተብሎ የሚጀመር ደብዳቤ። ሁለተኛው ወደ ታች የሚወርደው ነው፤ አዋጅ፣ መመሪያ፣ በቢሮ በር ላይ የሚለጠፍ ማሳሰቢያ። ነጋዴያችን ብዕር ሲያነሣ ከሁለቱ አንዱን ይይዛል። ወይ እንደ ባለ ጉዳይ ይለማመጣል፤ ወይ እንደ ሹም ያውጃል። ሦስተኛው መንገድ፣ ከሰው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ የመነጋገሩ መንገድ፣ በቃል እንጂ በወረቀት ብዙ አልተሄደበትም።

በቃልማ ሞልቶናል! በገበያ ቀን አምቦ ገበያ ወርዶ ቅቤ ሻጮቹን ማዳመጥ ነው። አንዷ «ኮቱ፣ ኦቦሌቲ ኮ!» ትላለች፤ ነይ፣ እህቴ ማለቷ ነው። ገዢዋ አማርኛ ተናጋሪ መሆኗን ስታይ ደግሞ ወዲያው ቋንቋዋን ለውጣ «አሽቺው፣ ቅመሺው፤ ካልወደድሽው ትተሽው ትሄጃለሽ» ትላታለች። በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ሦስት ነገር አለ። ማንን እንደምታናግር ታውቃለች። ነገሩን በገዢዋ አፍንጫና ምላስ ታስፈትናለች። ትቶ የመሄድንም ነፃነት ትሰጣለች። ስለ ራሷ አንድም ቃል አልተናገረችም። ይህችው ሴት ነገ ሱቅ ከፍታ ታፔላ ብታስጽፍ ግን ሰዓሊው «ድርጅታችን» ብሎ እንደሚጀምርላት አልጠራጠርም። አፏ ላይ የነበረችው እህት ብሩሹ ጋ ስትደርስ ትጠፋለች።

በውጭው ዓለም በማስታወቂያ ሥራ ስማቸው የገነነ ሰዎችም ቢሆኑ ሥራውን የተማሩት ከገበያ ነው። ዴቪድ ኦጊልቪ እ.ኤ.አ. በ1948 በኒው ዮርክ የራሱን የማስታወቂያ ድርጅት ከማቋቋሙ በፊት፣ በወጣትነቱ በስኮትላንድ የሰው በር እያንኳኳ ምድጃ ይሸጥ ነበር። በ1935 ለምድጃ ሻጮች የጻፈው መመሪያ ነው ለማስታወቂያ ሙያ በር የከፈተለት። በሩን ከፍታ ከምትቆመው የቤት እመቤት ጋር ፊት ለፊት ተነጋግሮ ያውቃልና፣ ኋላ ሲጽፍ እርሷ ከፊቱ አልጠፋችም።

አማርኛ ለጸሐፊው ሌላም ጣጣ አለው። እንግሊዝኛ አንዲት ተውላጠ ስም ይዞ ንጉሡንም ሊስትሮውንም ያናግርባታል። እኛ ግን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግድ ይለናል። ለተማሪዎች ጁስ ቤት «እርስዎ» ብትል ልጆቹ አባታቸውን የጠራህ መስሏቸው ዘወር ይላሉ። ለዓይን መነጽር ቤት «አንተ» ብለህ ብትጽፍ ደግሞ ሽማግሌው «ማንን ነው አንተ የሚለው?» ብለው ያልፉሃል። ምርጫው ሲያስጨንቀው ብዙ ጸሐፊ «ደንበኞች» ወደምትለው ቃል ይሸሻል። «ደንበኞች ይስተናገዳሉ»፤ «ደንበኞች ይገነዘባሉ»። ማን ናቸው እነዚህ ደንበኞች? ታፔላውን የሚያነብ ሰው ስለ ሌሎች ሰዎች የሚወራ ወሬ የሰማ ይመስለዋል እንጂ እርሱ እንደ ተጠራ አያውቅም። ስለዚህ የእኔ የመጀመሪያ ሥራ ተውላጠ ስሙን መወሰን ነው። እርሱ ከተወሰነ አንባቢው ማን እንደ ሆነ ተወስኗል ማለት ነው።

በምዕራብ ሸዋ ደግሞ ጥያቄው ከተውላጠ ስም አልፎ ቋንቋ ላይ ይደርሳል። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ፣ ከገጠር ለሚመጣው ገበያተኛ በገዛ ቋንቋው የሚያናግረው ታፔላ ተገኘ። በከተሞቹ መግቢያ ላይ «ባጋ ናጋን ዱፍተን» የሚል ጽሑፍ ይነበባል፤ በሰላም እንኳን መጣችሁ እንደ ማለት ነው። የብዙ ቁጥሩ አነጋገር ለአንድ ሰው ሲሆን አክብሮት ስለሚሆን፣ ሦስቱ ቃላት ሕፃኑንም አዛውንቱንም ሳያስቀይሙ ያስገባሉ። ብዙ የንግድ ወረቀቶች ግን በአማርኛ «ድርጅታችን» ተብለው ከተጻፉ በኋላ ቃል በቃል ወደ ኦሮምኛ ይገለበጣሉ። አማርኛው ላይ ያልነበረ ሰው ኦሮምኛው ላይ ከየት ይምጣ? እኔ በበኩሌ የጻፍኩትን አማርኛ አስተርጉሜ አላውቅም። በኦሮምኛ ከሚጽፍ ባልደረባ ጋር ቡና ይዤ እቀመጥና አንባቢው ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚጠይቅ እነግረዋለሁ፤ እርሱ እንደ ገና ከሥሩ ይጽፈዋል። አምቦ እንደሆነች የቃል ድኻ አይደለችም። በሁለቱም ቋንቋ ጆሮው ያደገው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደው እዚያው አጠገብ ቦዳ ላይ ነው።

ስለ አምቦ ተነሥቶ ውሃዋ ሳይነሣ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1930 መታሸግ የጀመረው ይህ ውሃ ስሙን ለዘሩ ሁሉ አውርሷል። ዛሬ ሌላ ፋብሪካ ያሸገውን ጋዝ ያለው ውሃ እንኳ ብዙ ሰው «አምቦ ስጠኝ» ብሎ ነው የሚያዘው። ጠርሙሱ ላይ የማዕድናቱ ስምና መጠን በሠንጠረዥ ተጽፏል። መልካም ነው፤ መጻፍም አለበት። ግን ጥሬ ሥጋ በልቶ ወንበሩ ላይ የተለጠጠ ሰው አምቦ ሲጠራ ማግኒዚየም ትዝ ብሎት አይደለም፤ ሆዴን ያቀልልኛል ብሎ ነው። ያቀለዋል አያቀለውም የሐኪም ነገር ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን፣ የውሃው ዝነኛ ማስታወቂያ ከፋብሪካው ሳይሆን ከጠጪው አፍ መውጣቱ ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? የንግድ ጽሑፍም ሥሩ እዚያ ነው፤ ነገሩ ለሰውዬው ምን ሆነለት?

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ወደ ማሳው ልውሰዳችሁ። በ1998 ዓ.ም. የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል አንድ የጤፍ ዘር አወጣ። በተመራማሪዎቹ መዝገብ «ዲ ዜድ ሲ አር 387» ይባላል። ገበሬው ጋ ሲደርስ ግን «ቁንጮ» ተባለ። ቁንጮ በሕፃን አናት ላይ የሚተው ጠጉር ነው፤ የሁሉ በላይ ማለትም ነው። ጤፉ ነጭና ምርታማ ሆኖ አገር ያዳረሰው በጠባዩ ነው፤ ነገር ግን ገበሬ ለገበሬ ለማውራት ስሙ እንደ ረዳው አያጠራጥርም። «ዲ ዜድ ሲ አር 387 ዘራህ ወይ?» ብሎ በጎረቤት አጥር ላይ የሚጠይቅ ሰው እስቲ አስቡት!

በአንጻሩ ከባኮ ምርምር ማዕከል በ1985 ዓ.ም. የወጣው ዕውቁ በቆሎ «ቢ ኤች 660» ተብሎ ቀረ። «ባኮ ሀይብሪድ» ለማለት ነው። ስሙ የወላጁን አድራሻ ይነግራል። ከአንድ ዘር ሻጭ ለእንደዚህ ዓይነቱ በቆሎ በራሪ ወረቀት እንድጽፍ ታዝዤ ነበር። ባለ ሱቁ ያዘጋጁት ረቂቅ «ከፍተኛ ምርት የሚሰጥ ምርጥ ዘር» ብሎ ያበቃል። የገበሬው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። መቼ ይደርስልኛል? ከአምስት ወር በላይ ይፈልጋል። ዝናቡ ቀድሞ ቢቆምስ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከምርቱ ለከርሞ ዘር ላስቀር ወይ? አባቶቹ ሲያደርጉ የኖሩት ይህንኑ ነዋ! ዲቃላ በቆሎ ግን በሁለተኛው ዓመት ምርቱ ይወርዳል፤ በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛት ያስፈልጋል። ይህን ያልነገርከው ገበሬ በመጀመሪያው ዓመት ይመርቅሃል፤ በሁለተኛው ያዝንብሃል። «ከዚህ ምርት ለዘር አታስቀሩ» የሚለውን ከላይ በትልቁ ጻፍኩት። ባለ ሱቁ አንብበው ዝም አሉ። ቀጥለውም፣ «ልክ ነህ፤ ከተከፋብኝ በየት በኩል ያልፋል? በሱቄ በር አይደል?» አሉኝ። ወረቀቱም እንዳለ ታተመ።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። አንባቢን ማወቅ ብቻውን ደግ ነገር ነውን? አይደለም። ልጃገረዶችን ወደ ዐረብ አገር እንልካለን እያሉ በየገጠሩ የሚዞሩት ሕገወጥ ደላሎች ከኔ ይልቅ አንባቢያቸውን ያውቃሉ። የትኛው ቤት ዕዳ እንዳለበት፣ የማን ጣራ እንደሚያፈስ፣ የትኛዋ ልጅ ፈተና እንዳላለፈች ሰልለው ነው የሚመጡት። «ድርጅታችን» አይሉም፤ «እናቴ፣ ይህ ቤት እኮ ቆርቆሮ ይገባው ነበር» ነው የሚሉት። በአነጋገራቸው ከተመዘነ ከነርሱ የበለጠ ማስታወቂያ ነጋሪ የለም። የሰውን ጉድለት ማወቅ ቁልፍ ነው፤ ሌባም ባለቤትም ይከፍትበታል። ልዩነቱ ያለው ከከፈቱ በኋላ ነው። ጸሐፊው ያንን ጉድለት ካወቀ ዘንድ ሰውዬው ሊያውቀው የሚገባውን የመንገር ዕዳ ይገባዋል።

ይህ ዕዳ ወጪም አለው። ከዞኑ ከተሞች በአንዱ ያለ፣ ስሙን የማልጠራው የግል ኮሌጅ ብሮሹር እንዳዘጋጅለት ቀብድ ሰጥቶኝ ነበር። አንባቢዬን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል የወጣ ልጅ ያለው፣ ለክፍያው በሬ የሚሸጥ አባት ነው። ይህ አባት የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ጠቅላላ ክፍያው ስንት ነው? ስንት ዓመት ይፈጃል? ወረቀቱስ ሥራ ያስቀጥራል ወይ? በአገራችን ለግል ኮሌጅ ዕውቅና የሚሰጠው በየትምህርት ዘርፉና በየካምፓሱ ነው። ስጠይቅ ከሚያስተምሯቸው ዘርፎች አንዱ ገና ዕውቅና አላገኘም። ስለዚህ የሌሎቹን ዘርፎች ዝርዝር ከነክፍያቸው ካስቀመጥኩ በኋላ «ይህ ዘርፍ ዕውቅናውን በመጠባበቅ ላይ ነው» የሚል አንድ መስመር ጨመርኩ።

የኮሌጁ ባለቤት መስመሩን በጣታቸው ነክተው፣ «ይህች ትውጣ» አሉ።

«ጋሼ፣ እርሷ ከወጣች ሰውዬው ሳያውቅ ይከፍላል» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ የማን ጠበቃ ነህ? የከፈልኩህ እኔ አይደለሁም?»

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ እርሱንም ጠቀስኩላቸው። «ውሸት ጻፍ መች አልኩህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጻፍ ያሉኝ ውሸት አልነበረም። ጠባችን በተጻፈው ሳይሆን ሳይጻፍ በሚቀረው ላይ ነበር። ቀብዱን መለስኩ። ለሦስት ሳምንት ሥራዬ ሳንቲም አላገኘሁም። ብሮሹሩ በሌላ እጅ ተጽፎ፣ ባማረ ወረቀት ታትሞ፣ «ብሩህ ተስፋ» በሚል ቃል ተጀምሮ ሲታደል አየሁት። ያቺ መስመር አልነበረችበትም።

«የማን ጠበቃ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ግን አብሮኝ ቀረ፤ ደጋግሜ ሳስበው ተገቢ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። የንግድ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ጠረጴዛው ዙሪያ ባለቤቱ አለ፤ ሥራ አስኪያጁ አለ፤ አታሚው አለ፤ እኔም አለሁ። ሁላችንም ስለ ራሳችን እንናገራለን። የሌለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ወረቀቱ የሚጻፍለት። ለሌለው ሰው አንድ ሰው ካልተናገረለት ማን ይናገርለታል? ለባለቤቱም ቢሆን ጉዳት የለውም። ዘር ሻጩ ይህን የተረዱት ኮሌጅ ገብተው አልነበረም።

ዛሬ አሠራሬ ቀላል ነው። የጻፍኩትን ይዤ ቡና ቤት እገባና ነገሩ ሊመለከተው ለሚችል ለማላውቀው ሰው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። ሰውዬው የሚጠይቀኝን ጥያቄ እመዘግባለሁ። ስለ ወንጪ ሐይቅ አንድ ወረቀት ስጽፍ፣ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ እንደ መረጠው፣ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር እንደሚበልጥ አሳምሬ ገልጬ ነበር። ያነበብኩላት አስተናጋጅ፣ «ታዲያ ይበርዳል በለኛ! ጋቢ ይዤ ልሂድ?» አለችኝ። «ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ይያዙ፤ ወደ ሐይቁ በፈረስም መውረድ ይቻላል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከእርሷ የተገኘ ነው። ከሜትሩ ቁጥር ይልቅ ሰዎች አንብበው የሚያነሡት እርሱን ነው።

ክፍያዬ ዛሬም ከባለ ድርጅቱ እጅ ነው የሚወጣው፤ ይህን አልክድም፤ ስቀበልም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ያ ብር ወደ ባለ ድርጅቱ መሳቢያ ከመግባቱ በፊት ከአንድ ሰው ኪስ ወጥቷል። ምናልባትም አንድ በሬ ተሸጦበታል።